የምኑ ሲሶ? የክፍልፋይና የአቻ ክፍልፋዮች አጭር ታሪክ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በምናከብርበት በዚህ ዓመት ለመታሰቢያው መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ጓደኞቻችን ስለ ታላላቅ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ሩቅ አገሮች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኛ ግን ብዙ ካሰብን በኋላ የመረጥነው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ያስጨነቀንን አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ክፍልፋይ ነው። አንባቢዎቻችን «ክፍልፋይ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው እንዳይስቁብን በትሕትና እንለምናለን። ነገሥታት ታሪክ እንዳላቸው ሁሉ ቁጥሮችም ታሪክ አላቸው፤ የክፍልፋይም ታሪክ የዳቦ፣ የእህልና የመሬት ታሪክ ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጽፈው «ከእነዚህ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ «አንድ አራተኛ!» ብሎ መለሰ፤ አራት ከሦስት ይበልጣልና። መምህራችን አልተቆጡም፤ በማግሥቱ ሁለት እኩል የሆኑ ዳቦዎች ይዘው መጡና አንዱን ለሦስት፣ ሁለተኛውን ለአራት ቆርሰው አሳዩን። ያን ጊዜ የሚካፈለው ሰው በበዛ ቍጥር ቁራሹ እንደሚያንስ ገባን። ነገር ግን ቀጥለው 2/4 እና 1/2 እኩል ናቸው ባሉን ጊዜ እንደ ገና ግራ ገባን። ቁጥሮቹ የተለያዩ ሆነው ሳለ መጠናቸው እንዴት አንድ ሊሆን ይችላል? ደንቡን በቃላችን አጠናነው፤ ፈተናውንም አለፍን፤ ምክንያቱን ግን አላወቅነውም ነበር።

ምክንያቱ የገባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያስረዱንም ፊደል ያልቆጠሩት አያታችን ናቸው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ እርሳቸው ዘንድ ሄደን ሳለን «አባባ፣ ሲሶ ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ በመልስ ፈንታ «የምኑ ሲሶ?» ብለው እኛኑ ጠየቁን። ይህን ጥያቄ ለምን እንደ ጠየቁን ኋላ እንናገራለን። አስቀድመን ግን ከእርሳቸው በፊት በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩ ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ እንዴት አድርገው እንደ መለሱ እንመልከት።

ክፍልፋይን ስንጽፍ ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ታሕት እንላቸዋለን። በላቲን ቋንቋ የታችኛው ቁጥር ስም «ስም ሰጪ»፣ የላይኛው «ቆጣሪ» ማለት ነው። ይህ አጠራር ነገሩን ደኅና አድርጎ ይገልጸዋል። ታሕቱ አራት ከሆነ የቁራሹ ስም «አራተኛ» ነው፤ ላዕሉ ሦስት ከሆነ ያ ቁራሽ ሦስት ጊዜ ተቈጠረ ማለት ነው። አቻ ክፍልፋዮች የምንላቸውም ስማቸውና ቁጥራቸው እየተለወጠ መጠናቸው ግን የማይለወጥ ናቸው። ዳቦውን ለሁለት ቆርሰን አንዱን ብንወስድ፣ ወይም ለአራት ቆርሰን ሁለቱን ብንወስድ፣ ወይም ለስምንት ቆርሰን አራቱን ብንወስድ የበላነው ዳቦ አንድ ነው። አንድ ሰው በቤቱ በአንድ ስም፣ በትምህርት ቤቱ በሌላ ስም ቢጠራ ሰውዬው ሁለት እንደማይሆን ማለት ነው።

ይህን ነገር በጽሑፍ ካቆዩልን ሕዝቦች መካከል ከቀደሙት አንዱ የዓባይ ጐረቤታችን የግብፅ ሕዝብ ነው። አሌክሳንደር ሄንሪ ሪንድ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እ. ኤ. አ. በ1858 ዓ. ም. በሉክሶር ከተማ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ጥቅሉ ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የጻፈው አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ ከእርሱ ዘመን ከቀደመ ጽሑፍ እንደ ገለበጠው ራሱ ይናገራል። በጥቅሉ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች መካከል ዳቦን ለዐሥር ሰዎች ስለ ማካፈል የሚናገሩ ይገኛሉ።

ግብፆች ከ2/3 እና ከጥቂት ሌሎች በቀር ላዕሉ አንድ የሆነውን ክፍልፋይ ብቻ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ 6 ዳቦ ለ10 ሰዎች ሲካፈል እኛ 6/10 ወይም 3/5 የምንለውን እነርሱ 1/2 እና 1/10 ይሉታል። ይህን ሰምተን መጀመሪያ «ምን ያለ አስቸጋሪ አጻጻፍ ነው!» ብለን ነበር። ኋላ ግን ቢላዋ የያዘውን ሰው አሰብነው። አምስቱን ዳቦ በየሁለቱ ቢቆርሳቸው ዐሥር ግማሾች ይሆናሉ፤ ስድስተኛውን ዳቦ ለዐሥር ቢቆርሰው ዐሥር ትንንሽ ቁራሾች ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ግማሽና አንድ ትንሽ ቁራሽ ይቀበላል፤ የማንም ድርሻ ከጐረቤቱ ድርሻ በመልክም እንኳ አይለይም። ባልንጀራዬ ትልቅ ቁራሽ ደረሰው ብሎ የሚያጕረመርም የለም። እንደዚሁም 7 ዳቦ ለ10 ሰዎች ሲሆን 2/3 እና 1/30 ብለው መለሱ። አንባቢ ይመርምረው፦ 2/3 ማለት 20/30 ነው፤ በዚህ ላይ 1/30 ቢጨመር 21/30 ይሆናል፤ ይህም 7/10 ነው። እንግዲህ አሕሞስ አቻ ክፍልፋይን በእኛ አጻጻፍ ባይጽፈውም፣ ሥራው ያለ እርሱ አይሆንም ነበር።

በዚያው በጥንት ዘመን በሜሶፖጣምያ፣ ማለት በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፣ የነበሩት የባቢሎን ሰዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። እነርሱ በሸክላ ጽላት ላይ ሲጽፉ አንዱን ነገር በ60 ይከፍሉት ነበር። ለምን 60? ቢሉ፣ 60 ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ10፣ ለ12፣ ለ15፣ ለ20 እና ለ30 ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ስለሆነ ነው። እኩሌታው 30፣ ሲሶው 20፣ ሩቡ 15፣ አምስተኛው 12 ነው። ሁሉም ክፍልፋይ በአንድ ታሕት ከተጻፈ ማን ከማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ላዕሉን ማየት ብቻ ይበቃል። በአራተኛ ክፍል 1/3ን እና 1/4ን ለማወዳደር ተቸግረን ነበር፤ የባቢሎን ተማሪ ቢሆን ኖሮ ግን አንዱን 20፣ ሁለተኛውን 15 ብሎ ጽፎ ወዲያው ይለየው ነበር። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃም 60 ሴኮንድ የሆነው ከእነርሱ በወረስነው አቆጣጠር ነው።

በ60 መክፈል ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ሊቃውንቶቻችን በዓላትንና አጽዋማትን በሚያወጡበት በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል። የፀሐይ ዓመት ርዝመት፣ ከዚያ የሚያንሱትን ጥቃቅን ክፍሎች ትተን፣ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ነው ይላሉ። 15 ኬክሮስ ከ60 ኬክሮስ ምንድን ነው? 15/60 ነው፤ ይህም 1/4 ነው። በአራት ዓመት አራቱ 15 ተደምሮ 60 ኬክሮስ፣ ማለት አንድ ሙሉ ዕለት ይሆናል። ስለዚህ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ያች አንዲት ቀን 15/60 እና 1/4 አቻ በመሆናቸው የተገኘች ናት ብንል አልተሳሳትንም። በልጅነታችን ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ደስ ይለን ነበር፤ አንድ ቀን ለጨዋታ ተጨምሮልናልና።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ፣ አንድ ክፍልፋይ እጅግ ብዙ ስሞች ካሉት አጭሩን ስም እንዴት እናገኘዋለን? የሚል ነው። ለዚህ በቂ መልስ የሰጡ ሁለት ሕዝቦችን እንጥቀስ። በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ «መሠረታውያን» በተባለው መጽሐፉ በሰባተኛው ክፍል፣ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ደጋግሞ በመቀነስ ለሁለቱም የጋራ የሆነውን ትልቁን አካፋይ ማግኘት እንደሚቻል አስረዳ። በቻይና አገር ደግሞ «ዘጠኙ ምዕራፎች» የሚባል የሒሳብ መጽሐፍ አለ፤ ልዩ ሁይ የተባለው ሊቅ በ263 ዓ. ም. እ. ኤ. አ. ማብራሪያ ጽፎለታል። የዚህ መጽሐፍ ደንብ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ለሁለት የሚከፈሉ ከሆነ ክፈላቸው፤ ካልሆነም እኩል እስኪሆኑ ድረስ ትንሹን ከትልቁ እየቀነስህ ሂድ የሚል ነው።

መጽሐፉ ለምሳሌ ያቀረበውን 49/91 እንሥራው። 91 ሲቀነስ 49፣ 42 ይቀራል። 49 ሲቀነስ 42፣ 7 ይቀራል። ከ42 ላይ 7 እየቀነስን ብንሄድ በመጨረሻ 7 እና 7 እኩል ሆነው ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች በ7 ብናካፍል 7/13 እናገኛለን፤ ይህም የመጨረሻው አጭር ስም ነው። ባሕር ተራራ የለያቸው፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ ሁለት ሕዝቦች ወደ አንድ መንገድ መድረሳቸው ያስደንቃል። ከዚህም ይልቅ እኛን ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው፤ ቻይናዎች ይህን ደንብ የጻፉት ስለ እርሻ መሬት ስፋት በሚናገረው በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ግብፆች ክፍልፋይን ከዳቦ ጋራ፣ ቻይናዎችም ከመሬት ጋራ አገናኙት ማለት ነው።

ዛሬ የምንጠቀምበት አጻጻፍ ደግሞ ከሕንድ ተነሥቶ በዓረቦች በኩል ወደ ዓለም የተሠራጨ ነው። ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ ሊቅ በ628 ዓ. ም. እ. ኤ. አ. በጻፈው መጽሐፍ ክፍልፋዮችን የመደመር፣ የመቀነስ፣ የማባዛትና የማካፈል ደንቦችን ሰጥቷል። ሕንዶች ላዕሉን ከታሕቱ በላይ ይጽፉ ነበር፤ በመካከላቸው ግን መስመር አልነበረም። መስመሩን በ12ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አፍሪካ በማግሬብ አገር የነበሩ የሒሳብ ሰዎች ሲጠቀሙበት እናገኛለን። የፒሳው ሌዎናርዶ፣ በሌላ ስሙ ፊቦናቺ፣ አባቱ በሰሜን አፍሪካ በቡጂያ ወደብ ሥራ ስለ ነበረው በልጅነቱ ወደዚያ ሄዶ ሒሳብ ተማረ። እርሱም በ1202 ዓ. ም. እ. ኤ. አ. በጻፈው መጽሐፍ ቁጥሮቹንም መስመሩንም ለአውሮፓ ነጋዴዎች አስተዋወቀ። እንግዲህ በደብተራችን ላይ 3/4 ብለን ስንጽፍ ያች ትንሽ መስመር ወደ አውሮፓ ያለፈችው በአፍሪካ ምድር በኩል መሆኑን ማስታወስ ይገባናል።

እ. ኤ. አ. በ1585 ዓ. ም. የብሩዥ ተወላጅ የሆነው ሲሞን ስቴቪን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ስም በቋንቋቸው «ዐሥረኛ» ማለት ነው፤ ይኸው ቃል ዓሥራት ማለትም ይሆናል። ስቴቪን ታሕቱን ሁልጊዜ 10፣ 100፣ 1000 ብናደርገው ክፍልፋይን እንደ ሙሉ ቁጥር በቀላሉ መደመርና መቀነስ እንችላለን ሲል አስተማረ። ከእርሱ በፊት በዓረቦችና በፋርስ ሊቃውንት ዘንድ ይህ አሳብ ታውቆ ነበር፤ የስቴቪን ፋንታ ግን ለመሬት ቀያሾች፣ ለነጋዴዎችና ለገንዘብ ሠራተኞች ግልጽ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ይህም ከባቢሎኖች አሳብ ጋራ አንድ ነው፤ ለሁሉም የጋራ የሆነ ታሕት መፈለግ ነውና።

ይህ ለውጥ በአገራችን ገንዘብ ላይም ታይቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን 1887 ዓ. ም. የሚል ዓመተ ምሕረት ታትሞባቸው በፓሪስ ከተሠሩት የብር ገንዘቦች መካከል ሙሉው ብር፣ የብር እኩሌታ የሆነው አላድ፣ የብር አራተኛ የሆነው ሩብና የብር ስምንተኛ የሆነው ተሙን ነበሩ። ኋላም አንዱ ብር በ16 ግርሽ ተመነዘረ። በዚያ ዘመን ገበያ የምትወጣ እናት አንድ አላድ ማለት 2 ሩብ፣ 4 ተሙን፣ 8 ግርሽ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ይህንንም በእኛ አጻጻፍ ብንጽፈው 1/2 = 2/4 = 4/8 = 8/16 ነው። ለእኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንግዳ የሆነብንን ነገር እርስዋ በመቀነትዋ ቋጥራ ትዞር ነበር ማለት ነው። በ1937 ዓ. ም. በወጣው የገንዘብ ሕግ ብሩ በ100 ሣንቲም እንዲከፈል ተደረገ። ሽልንግ የምንለው 50/100፣ ስሙኒ የምንለውም 25/100 ነው፤ እነዚህም 1/2 እና 1/4 ናቸው።

አሁን ወደ አያታችን ጥያቄ እንመለስ። የአማርኛ ቋንቋችን ለክፍልፋይ ጥንታዊ ስሞች አሉት፤ እኩሌታ፣ ሲሶ፣ እርቦ፣ ዓሥራት። እነዚህ ቃሎች ያደጉት በትምህርት ቤት ሳይሆን በእርሻና በአውድማ ነው። የቀድሞ ሰዎች «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ይሉ ነበር። መሬት የሌለው ገበሬ የሌላውን ሰው መሬት ሲያርስ ከምርቱ ሲሶውን የሚሰጥ ከሆነ ሲሶ አራሽ፣ እርቦውን የሚሰጥ ከሆነ እርቦ አራሽ፣ እኩሌታውን የሚሰጥ ከሆነ የእኩል አራሽ ይባል ነበር። ከ12 ቁና እህል ሲሶው 4፣ እርቦው 3 ቁና ነው። እንግዲህ በአራተኛ ክፍል «አንድ አራተኛ ይበልጣል!» ብለን የጮኽነው ልጆች በዚያ ዘመን ገበሬዎች ሆነን ቢሆን ኖሮ፣ ከእርቦ ይልቅ ሲሶ መክፈል ይሻለናል ብለን በገዛ አፋችን በተጐዳን ነበር።

አያታችን ጐልማሳ ሳሉ ሲሶ አራሽ ነበሩ። ውላቸው፣ አስቀድሞ ዓሥራቱ ከምርቱ እንዲወጣ፣ ከዚያም ከቀረው ላይ ሲሶውን ለባለ መሬቱ እንዲሰጡ ነበር። አንድ ዓመት ምርቱ በአውድማ ላይ ተሰፍሮ 120 ቁና ሆነ። የባለ መሬቱ ወኪል መጥቶ ለዓሥራት 12 ቁና ለየ፤ ቀጥሎም «የ120 ሲሶ 40 ነው» ብሎ 40 ቁና ሰፈረ። አያታችን «ይህ የምኑ ሲሶ ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «ሲሶ ሲሶ ነው፤ ሌላ ምን ሲሶ አለ?» አላቸው። አያታችን እንደ ተበደሉ ልባቸው ነገራቸው፤ ነገር ግን ማስረዳት አቃታቸው። የሚጽፉበት ብዕር፣ የሚያሰሉበት ሰሌዳ አልነበራቸውም፤ እህሉም ተጭኖ ሄደ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አጡ። በማግሥቱ ማለዳ ጠጠሮች ለቅመው በአውድማው ላይ አንድ በአንድ መደርደር ጀመሩ። ዓሥራትም ሲሶም ሳይሰባበር የሚወጣለት ቁጥር ሲፈልጉ ቆይተው 30 ላይ ደረሱ። ከ30 ጠጠር 3 ለዓሥራት አወጡ፤ 27 ቀረ። 27ቱን በሦስት ረድፍ ቢደረድሩት በየረድፉ 9 ሆነ። 3 እና 9፣ 12 ነው። ወኪሉ ግን ከ30 ላይ 3 እና 10፣ ማለት 13 ወስዷል። እንግዲህ ከየ30ው ቁና አንድ ቁና ያለ አግባብ ሄዷል፤ ከ120ውም 4 ቁና ጐድሏል። ሽማግሌዎች ጠርተው ጠጠሩን አሳዩአቸው። ሽማግሌዎቹ ቈጠሩ፤ ደግመውም ቈጠሩ፤ ነገሩ እውነት መሆኑን መሰከሩ። የተወሰደው 4 ቁና አልተመለሰላቸውም። ከዚያ ወዲህ ባለው ዓመት ግን ሽማግሌዎች በተገኙበት እህሉ በየ30 ቁና እየተከመረ፣ አስቀድሞ ዓሥራቱ፣ ቀጥሎ የቀረው ሲሶ ይለይ ጀመር።

ይህን ታሪክ ሰምተን ዝም አልን። ከዚያም ደብተራችንን አውጥተን 1/10 = 3/30፣ 1/3 = 10/30 ብለን ጻፍን። ድምሩ 13/30 ነው፤ ወኪሉ የወሰደው ይህ ነው። በውሉ መሠረት ግን 12/30፣ ሲያጥርም 2/5 ብቻ መውሰድ ነበረበት። በትምህርት ቤት «የጋራ ታሕት ፈልግ» እየተባልን ያለ ፍቅር የሠራነው ሥራ፣ አያታችን እንቅልፍ አጥተው በጠጠር ያገኙት ሥራ ነው። ባቢሎኖች 60ን የመረጡበት ምክንያትና አያታችን 30ን የመረጡበት ምክንያት አንድ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለን ያልገባንም በዚህ ጊዜ ተገለጠልን። 1/3 ወደ 10/30 ሲለወጥ እህሉ አልጨመረም፣ አልጐደለምም፤ የተለወጠው ክምሩን የምንከፍልበት መንገድ ነው። ከሌላ ክፍልፋይ ጋራ በአንድ ቁና እንዲሰፈር ስሙን ለወጥነው እንጂ።

«የምኑ ሲሶ?» የሚለው ጥያቄም ሌላ ነገር ያስተምራል። ክፍልፋይ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሁልጊዜ የአንድ ሙሉ ነገር ክፍልፋይ ነው። የትልቁ ዳቦ ሩብ ከትንሹ ዳቦ ግማሽ ሊበልጥ ይችላል። 1/2 እና 2/4 አቻ ናቸው ስንልም ሙሉው አንድ ከሆነ ማለታችን ነው። ሙሉውን ሳይናገር ክፍልፋዩን ብቻ የሚናገር ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይም ሌላው እንዲያውቅ አልፈለገም።

በ1967 ዓ. ም. የካቲት 25 ቀን በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የባለ መሬትና የጭሰኛ ሥርዐት ቀርቷል። ስለዚህ አያታችን የተከራከሩበት ዓይነት ሲሶ ለእኛ ትውልድ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ክፍልፋይ ከኑሮአችን አልራቀም። በሬ ያለው በሬ ከሌለው ጋራ ዛሬም የእኩል ያርሳል። ወንድሞችና እኅቶች ውርስ ይካፈላሉ። ነጋዴ ዋጋውን በመቶ ይህን ያህል ቀነስሁ ይላል፤ ገዢውም «ከየትኛው ዋጋ ላይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ገዝታ ለልጅዋ 250 ሚሊግራም እንድትሰጥ የታዘዘች እናት 250/500 ማለት 1/2 መሆኑን ማወቅ ይኖርባታል፤ እዚህ ላይ መሳሳት በፈተና ወረቀት ላይ እንደ መሳሳት አይደለም።

ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አንድ ምክር አለን። ላዕሉንና ታሕቱን በአንድ ቁጥር ማባዛት ወይም ማካፈል የሚለውን ደንብ በቃላችሁ ብቻ አትያዙት። ወረቀት አጥፉ፤ ጠጠር ደርድሩ፤ ዳቦ ቁረሱ። አንድ ወረቀት በመካከሉ አጥፋችሁ ግማሹን ቀለም ቀቡት፤ ከዚያ እንደ ገና እጠፉት። ቀለሙ አልጨመረም፤ ነገር ግን 1/2 የነበረው 2/4 ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንደ ገና ብታጥፉት 4/8 ይሆናል። የክፍልፋዩ ስም ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ቀለሙ በቦታው እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያልገባችሁም ነገር ቢኖር መምህራችሁን ከመጠየቅ አትፈሩ፤ እኛ አፍረን ዝም በማለታችን ብዙ ዓመት ዘግይተናልና።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ የምናቀርበው ምስጋና ነው። በዚያች ቀን ሁለት ዳቦ ይዘው የመጡት መምህር ዳቦውን ካካፈሉን በኋላ እኛው እንድንበላው ፈቅደውልን ነበር። ያን ጊዜ ያስደሰተን ዳቦው ነበር፤ ዛሬ ግን ትምህርቱ መሆኑን እንመሰክራለን። ወላጆችም ልጆቻችሁ በቤት ውስጥ ዳቦ ሲቆርሱ፣ እህል ሲሰፍሩ፣ ገንዘብ ሲመነዝሩ አጠገባቸው ሆናችሁ «ይህ የምኑ ስንተኛ ነው?» ብላችሁ እንድትጠይቋቸው እንለምናለን።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን ሐኪም፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ዳኛም የሚሆን ይኖራል። ሁላችንም አንድ ቀን የሌላውን ድርሻ የምንሰፍርበት ጊዜ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሙሉውን ሳንሸሽግ፣ ስሙን ሳናወናብድ፣ በትክክል እንድንሰፍር እንመኛለን። የእኛን ድርሻ ሌላ ሰው ሲሰፍርልን ደግሞ፣ አያታችን በአውድማው ላይ እንዳደረጉት፣ በትሕትና ግን ሳንፈራ «የምኑ ሲሶ?» ብለን ለመጠየቅ ያብቃን።